ድሩ የሐኪም፥ ማጉ የሕያው ዐጥንት

ዐጥንቱ የተሰበረ ሰው ደኅና ሆኖ ከታሰረ ዐጥንቱ በጊዜው ይገጥማል የሚለው አሳብ በየቤታችን የቆየ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክንዱን ቢሰብር፥ ስብራቱ ተስተካክሎ ሳይናወጥ ከተያዘ፥ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ክንዱ እንደ ቀድሞው ይሆናል። ነገር ግን ከዐጥንቱ መካከል አንድ ቍራጭ የጠፋ እንደ ሆነ፥ ወይም ቍስሉ መግሎ ዐጥንቱን የበላው እንደ ሆነ፥ ሁለቱ ጫፎች ተራርቀው ይቀራሉ፤ ቢታሰሩም አይገናኙም። ያ ክፍተት በምን ይሞላ? ይህ ጥያቄ የዓለምን ሐኪሞች ከመቶ ዓመት በላይ ሲያደክም ኖሮአል። በዚህ ወር ዓምዳችን ስለዚሁ ጥያቄ፥ በሰው እጅ ከተሠሩ ልዩ ልዩ ነገሮችም ስለ ተገኘው መልስ ጥቂት እንጽፋለን፤ ከዚያም ነገሩ እያንዳንዱን ቤተ ሰብ በምን በኩል እንደሚነካ እናሳያለን።

ነገሩ ረቂቅ መስሎ እንዳያስፈራ ምሳሌውን ከሩቅ አናመጣም። ከአርባ ምንጭ ከተማ ተነሥቶ ዳገቱን ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ የወጣ ሰው፥ የጋሞ ሸማኔ በሥራው ላይ ተቀምጦ ሳያይ አይመለስም። ሸማኔው አስቀድሞ ድሩን ያደራል፤ ድር ብቻውን ግን ልብስ አይደለም፥ ብርድም አይከለክልም። ከዚያ በኋላ መወርወሪያው እየተመላለሰ ማጉን በድሩ መካከል ያስገባል፤ ያን ጊዜ ጋቢው ጋቢ፥ ነጠላውም ነጠላ ይሆናል። ድር ከሌለ ማጉ የሚይዘው አጥቶ ተጠቅልሎ ይቀራል፤ ማግ ከሌለም ድሩ የተዘረጋ ክር ሆኖ ይኖራል። ሐኪሞች በዐጥንት ክፍተት ውስጥ የሚያኖሩት ሰው ሠራሽ ነገርም እንዲሁ ድር ነው፤ ማጉን የሚወረውሩት ግን በሕያው ሰው አካል ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሠራተኞች ናቸው። ይህን መለየት የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ነው።

ዐጥንትን ደርቆ ስለምናየው እንደ ድንጋይ የሞተ ነገር ይመስለናል። በሕያው ሰው ውስጥ ግን ዐጥንት ደም የሚዞርበት፥ ሁልጊዜም የሚፈርስና የሚታደስ አካል ነው። ከክብደቱ ከሦስት እጅ ሁለት እጅ ያህሉ የካልሲየምና የፎስፎረስ ማዕድን ሲሆን፥ ሊቃውንቱ ሃይድሮክሲአፓታይት ይሉታል። የቀረው በአብዛኛው ኮላጅን የተባለ እንደ ገመድ ያለ ነገርና ውሃ ነው። ማዕድኑ ጥንካሬን ይሰጠዋል፤ ኮላጅኑም በቀላሉ እንዳይሰነጠቅ ያደርገዋል። በዚህ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት ይገኛሉ፤ አንደኛው ዐጥንት ሠሪ ነው፤ ሁለተኛው አሮጌውን ዐጥንት የሚያፈርስ ነው፤ ሦስተኛውም በተሠራው ዐጥንት ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ነው። አፍራሹና ሠሪው ተባብረው ስለሚሠሩ፥ የጐልማሳ ሰው ዐጥንት በያመቱ ከዐሥር እጅ አንድ እጅ ያህሉ ይታደሳል።

ስብራት በደረሰ ጊዜ አስቀድሞ ደም በስፍራው ይረጋል፤ ከዚያም በሁለቱ ጫፎች መካከል ለስላሳ ማያያዣ ይበቅላል፤ እርሱም ቀስ በቀስ እየጠነከረ ዐጥንት ይሆናል። ቍስለኛ ቈዳ ሲድን ጠባሳ ይተዋል፤ ዐጥንት ግን ሲድን ራሱን ዐጥንት ሆኖ ይድናል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ሠሪው ሕዋስ የሚቆምበት ከሌለው አይሠራም። ክፍተቱ የሰፋ እንደ ሆነ ለስላሳ ሥጋ ቀድሞ ይሞላዋል፤ ዐጥንቱም መንገድ አጥቶ ይቀራል።

ለዚህ ችግር ጥንታዊና እስከ ዛሬም የሚታመንበት መድኃኒት ከበሽተኛው ከራሱ አካል፥ ይልቁንም ከዳሌው ዐጥንት ጥቂት ወስዶ በክፍተቱ ማኖር ነው። እንዲህ ያለው ዐጥንት ሦስት ነገር ይዞ ይመጣል፤ ድሩ በውስጡ አለ፤ ሠሪዎቹ ሕዋሳት ከነሕይወታቸው አሉ፤ ሌሎች ሕዋሳትን ወደ ሥራ የሚጠሩ ፕሮቲኖችም አሉ። ሦስቱን ባንድነት በመስጠት ከእርሱ የሚበልጥ አልተገኘም። ነገር ግን ያለ ዋጋ አይሆንም። በዳሌው ላይ ሁለተኛ ቍስል ይከፈታል፤ ሕመሙም አንዳንድ ጊዜ ከዋናው ቍስል ይልቅ ይቈያል። ሊወሰድ የሚችለውም መጠን ጥቂት ነው፤ በሕፃን ዘንድ ደግሞ እጅግ ያንሳል። ከሌላ ሰው የተገኘ ዐጥንት ቢፈለግ፥ ደዌ እንዳያስተላልፍ የሚመረመርበትና በብርድ የሚጠበቅበት ማከማቻ ያስፈልጋል። የከብት ዐጥንትም ቢሆን፥ በውስጡ ያለው ሥጋና ስብ ሁሉ ተወግዶ በልዩ ጥንቃቄ ካልተዘጋጀ አይገባም። እንግዲህ ሊቃውንቱ፦ ድሩን እኛ በእጃችን ብንሠራውስ? ወደሚል አሳብ የደረሱት በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ሁላችን በምናውቀው ነገር የተደረገ ነው። ግድግዳ የሚለሰንበት፥ የተሰበረም እግር በውጭ የሚታሰርበት ጀሶ የካልሲየም ሰልፌት ነው። በ1892 እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ድሬስማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ይህን ጀሶ በዐጥንት ውስጥ በተፈጠረ ጕድጓድ ሞላው፤ ከበሽተኞቹም በብዙዎቹ ዘንድ ጕድጓዱ በዐጥንት ተተካ። በ1920 እ.ኤ.አ. አልቢ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በባልደረባው ረዳትነት የካልሲየምና የፎስፌት ውሕድ በጥንቸሎች ስብራት ላይ ፈትኖ፥ ዐጥንቱ ፈጥኖ እንደ ገጠመ ጻፈ።

በ1965 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማርሻል ዩሪስት የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር አሳየ። የዐጥንትን ማዕድን በአሲድ አውጥቶ የቀረውን በእንስሳ ጡንቻ ውስጥ ቢያኖረው፥ ዐጥንት በማይገኝበት ሥጋ መካከል አዲስ ዐጥንት በቀለ። ከዚህም የተነሣ በዐጥንት ውስጥ ሕዋሳትን የሚጠራ፥ ዐጥንት ሠሪም የሚያደርጋቸው ፕሮቲን እንዳለ ታወቀ።

በ1967 እ.ኤ.አ. ላሪ ሄንች የተባለ የመስተዋትና የሸክላ ነገር አዋቂ በአውቶቡስ ወደ ስብሰባ ሲሄድ፥ ከቬትናም ጦርነት የተመለሰ አንድ የጦር መኮንን አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። መኮንኑ የብዙ ወታደሮች እጅና እግር እየተቈረጠ መቅረቱን ነገረው፤ የሰው ሥጋ የማይጠላው ነገር መሥራት ይቻል እንደ ሆነም ጠየቀው። ሄንችም ካልሲየምና ፎስፎረስ ያለበት ልዩ መስተዋት በ1969 እ.ኤ.አ. በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሠራ። መስተዋቱ በአይጥ የጭን ዐጥንት ውስጥ ከገባ ከ6 ሳምንት በኋላ ሊነቀል አልተቻለም፤ ከዐጥንቱ ጋር ተዋሕዶ ነበርና። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በአካል ውስጥ የገባ ባዕድ ነገር ሁሉ ቢበዛ ታግሠው የሚያኖሩት እንግዳ ነበር፤ ይህ ግን ዐጥንት የተቀበለው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሠራሽ ሃይድሮክሲአፓታይት፥ ትራይካልሲየም ፎስፌት፥ በሰውነት ውስጥ እየሟሙ የሚሄዱ ልዩ ልዩ ፕላስቲኮችም ተጨመሩ።

ከእነዚህ የሚሠራው ድር ጠቃሚ እንዲሆን ቅርጹና ዕድሜው ሊስማማ ይገባል። ስለ ቅርጹ የእንጀራን ዓይን ማሰብ ይበቃል። ድፍን ሆኖ የተሠራ ነገር ሕዋስ አያስገባም፤ ዓይን ያለው ግን ያስገባል። በዐጥንት ድር ውስጥ ያለው ዓይን ስፋቱ ከሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ባያንስ፥ ወደ ሦስት ዐሥረኛም ቢጠጋ ወይም ቢያልፍ፥ ሠሪዎቹ ሕዋሳትና ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች በውስጡ ይጓዛሉ። ይህም ዓይን ከላይ ብቻ የተበሳ ሳይሆን፥ ከዳር እስከ ዳር እርስ በርሱ የተገናኘ መሆን አለበት። በዘመናችን በኮምፒዩተር የሚመራ ማተሚያ የጐደለውን ዐጥንት ቅርጽ ተከትሎ እንዲህ ያለውን ድር ንብብር በንብብር ይሠራል።

ዕድሜው ደግሞ ከዐጥንቱ ዕድገት ጋር መመጣጠን ይኖርበታል። በጋቢው ላይ ድሩ ከማጉ ጋር ይኖራል፤ በዐጥንት ላይ ግን ጥሩ ድር ቀስ በቀስ ሟሙቶ ስፍራውን ለሕያው ዐጥንት የሚለቅ ነው። ጀሶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሟሟል፤ ማጉ ሳይወረወር ድሩ ተበጠሰ እንደ ማለት ነው። ሃይድሮክሲአፓታይት በተቃራኒው ለብዙ ዓመት ሳይሟሟ ይቈያል። ትራይካልሲየም ፎስፌት በሁለቱ መካከል ስለሚገኝ፥ አንዳንዶቹ ሠሪዎች ሁለቱን ፎስፌቶች አዋሕደው ያዘጋጃሉ። ሁሉም ግን እንደ ሸክላ ተሰባሪዎች ናቸው፤ የሰውን ክብደት ብቻቸውን አይሸከሙም።

ድሩን ባዶውን ከማኖር ይልቅ ሠሪዎቹን ሕዋሳት አስቀድሞ በላዩ ማስፈር ይቻላል ወይ? የኢጣልያና የሩስያ ሊቃውንት በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ይቻላል ብለው መለሱ። የእጅ ወይም የእግር ዐጥንታቸው ከ4 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከጐደለባቸው ሦስት በሽተኞች መቅኔ ወሰዱ፤ በመቅኔው ውስጥ ያሉትን ዐጥንት የመሥራት ችሎታ ያላቸውን ሕዋሳት በቤተ ሙከራ አበዙ፤ ዓይን ባለው ሃይድሮክሲአፓታይት ላይም አስፍረው በክፍተቱ አኖሩት። ከ5 እስከ 7 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የተተከለው ከበሽተኞቹ ዐጥንት ጋር ገጠመ። ሦስት ሰው ጥቂት ነው፤ ሥራውም ውድና የታወቀ ቤተ ሙከራ የሚፈልግ ነው። ነገር ግን ድሩ በሰው እጅ፥ ማጉ በበሽተኛው በራሱ ሕዋስ ሊሠራ መቻሉን አሳይቶአል።

እዚህ ላይ አንባቢ፦ እንግዲያስ ሐኪሞች ማንኛውንም የጐደለ ዐጥንት መሙላት ቻሉ ማለት ነውን? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አይደለም። በእንግሊዝ አገር በሊድስ የሚሠሩት ፕሮፌሰር ጃኑዲስና ባልደረቦቻቸው በ2007 እ.ኤ.አ. ነገሩን በአራት ማዕዘን መሰሉት፤ ሕዋስ፥ ድር፥ ሕዋስን የሚጠራ ፕሮቲን፥ አራተኛም የማይናወጥ ጽኑ ማሰሪያ። ከአራቱ አንዱ ቢጐድል ሦስቱ ይደክማሉ። ለአራተኛው ማዕዘን በአገራችን መልካም ምሳሌ አለ። በ1999 እ.ኤ.አ. ዶክተር ሉዊስ ዘርክል የተባሉ አሜሪካዊ የዐጥንት ሐኪም ያቋቋሙት ሳይን የተባለው ድርጅት፥ በቀዶ ሕክምናው ሰዓት የራጅ መሣሪያ ሳያስፈልግ በረጅም ዐጥንት ውስጥ የሚገባ የብረት ዘንግ እየሠራ ይለግሣል። ይህ ዘንግ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፥ ከአርባ ምንጭ ወደ 120 ኪሎ ሜትር በሚርቀውም በሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል የብዙ ሰዎችን እግር አጽንቶአል።

ከአራቱ ሁሉ በታች ደግሞ አንድ መሠረት አለ፤ እርሱም ደም ነው። ደም በማይደርስበት ስፍራ ሕዋስ አይኖርም፤ ሕዋስ በሌለበትም የከበረው ድር ከገል አይሻልም። ፈረንሳዊው ሐኪም ማስክሌ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያገኙት ዘዴ ይህን በግልጥ ያሳያል። እርሳቸው አስቀድመው ቍስሉን ከመግልና ከሞተ ዐጥንት ያጸዳሉ፤ ክፍተቱንም በዐጥንት ሲሚንቶ ይሞሉታል። ሲሚንቶው አይሟሟም፥ ዐጥንትም አይሆንም፤ ነገር ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ሰውነት የደም ሥር የሞላበት ስስ ሽፋን ያለብሰዋል። ከዚያ ሲሚንቶው ይወጣል፤ በሽፋኑ ውስጥ ከበሽተኛው ዳሌ የተወሰደ ዐጥንት ይገባል። በዚህ ዘዴ ሰው ሠራሹ ነገር ድር እንኳ አይደለም፤ ደም ያለበትን ቤት ብቻ አዘጋጅቶ ይወጣል። ውድ ቤተ ሙከራም ስለማይጠይቅ ሀብት ባነሰው አገርም ይሠራበታል።

ስለ ደም ይህን ካልን፥ በየቤታችን ደም የሚታገድበትን መንገድ መናገር ግድ ይሆንብናል። በጋሞ ደጋ ቀርከሃ የተከበረ ተክል ነው፤ የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተጠልፎ እንደ ዝሆን ራስ ከፍ ብሎ ይቆማል። በመላ አገራችንም ቀርከሃ የተሰበረ ክንድና እግር መያዣ ሆኖ ኖሮአል። ወጌሻ ስንጥሩን በስብራቱ ዙሪያ ደርድሮ በጨርቅ ያስራል። እጁ የለዘበ ወጌሻ ብዙ ሰው ጠቅሞአል፤ ሐኪም ባልነበረበት ዘመንም የአገር ሐኪም እርሱ ነበር። ነገር ግን አዲስ ስብራት ያብጣል፤ ማሰሪያው የጠበቀ እንደ ሆነ እብጠቱ መውጫ ያጣል፤ ደም ወደ ጣቶች መሄዱን ያቆማል። ጡንቻ ያለ ደም 6 ሰዓት ያህል ከቈየ መሞት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የእጅ መኰማተር ወይም ጋንግሪን ነው፤ ብዙ ጊዜም መጨረሻው መቈረጥ ይሆናል። ሊገጥም ይችል የነበረ ቀላል ስብራት የልጅን እጅ ያሳጣል፤ ለተቈረጠ እጅ ደግሞ የሚዘረጋ ድር የለም።

ይህ የማይታረም ዕጣ አይደለም። ዶክተር መኮንን እሸቴ በ2005 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የዐጥንት ሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፥ በገጠር ላሉ ወጌሾች የአንድ ቀን ትምህርት ከተሰጠ በኋላ በአካባቢው ሆስፒታል የጋንግሪንና የመቈረጥ ቍጥር በእጅጉ እንደ ቀነሰ አሳይተዋል። አንድ ቀን ብቻ! ወጌሻውን ከመንቀፍ ይልቅ ማስተማር እንደሚበልጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናገኝም። ከጨንቻ ቍልቍለት ወርዶ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ለመድረስ መኪና የሚጠብቅ ቤተ ሰብ በመጀመሪያ የሚያገኘው ወጌሻውን ነውና፥ ወጌሻው ማወቁ ለልጁ እጅ ትልቅ ዋስትና ነው።

እንግዲህ ለየቤተ ሰቡ የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፤ የታሰረ እጅ ወይም እግር ጣቶቹ ሁልጊዜ እንዲታዩ ይሁን። ጣቶቹ ቢቀዘቅዙ፥ ቢገረጡ ወይም ቢጠቍሩ፥ ቢደነዝዙ፥ ሕመሙም እየጨመረ ቢሄድ፥ ይልቁንም ጣቱን ሌላ ሰው ሲዘረጋው ቢያስጮኸው፥ ማሰሪያው ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይላላ፤ በሽተኛውም ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ልጅ ሲያለቅስ “ስብራት ነውና ይታገሥ” ማለት ያሳጣል።

ሁለተኛ፤ ዐጥንቱ ቈዳውን ቀድዶ የወጣ ወይም በቍስል የታጀበ ስብራት በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይድረስ፤ በውስጡም ቅጠል፥ አፈር ወይም ቅቤ አይግባ። ዛሬ በጊዜ የታጠበ ቍስል ነገ የሚጐድለውን ዐጥንት ያድናል።

ሦስተኛ፤ ሐኪሙ ከዳሌህ ዐጥንት እወስዳለሁ ቢል ነገሩ እንግዳ አይሁንባችሁ፤ ምክንያቱን ከላይ ገልጠነዋል። ሰው ሠራሽ ድር ይገባል ቢባልም፥ ከምን እንደ ተሠራ፥ የሚሟሟ ወይም የሚኖር እንደ ሆነ፥ ዋጋውንም መጠየቅ የበሽተኛ መብት ነው። አንዳንዱ የዐጥንት መሙያ ከከብት ወይም ከዐሳማ፥ አንዳንዱም ከሞተ ሰው ዐጥንት የሚዘጋጅ ስለ ሆነ፥ በዚህ በኩል ኅሊናው የሚጠይቀው ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ ከንስሐ አባቱም ጋር ይምከር። ከማዕድን የተሠሩት ጀሶ፥ ፎስፌትና መስተዋት ከእንስሳ አካል የተወሰዱ አይደሉም።

አራተኛ፤ ሠሪዎቹ ሕዋሳት ስንቅ ይሻሉ። ባቄላ፥ ሽምብራ፥ ምስር፥ ጐመንና ጤፍ፥ እንደዚሁም ዓሣ፥ ወተትና እንቍላል ለሚገጥም ዐጥንት መልካም ናቸው፤ የጧት ፀሐይም ይጠቅማል። ሲጋራ ግን የደም ሥርን እያጠበበ የዐጥንትን መግጠም ያዘገያል። በጾም ወራት በሽተኛው ምን ይብላ የሚለውን ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ጠይቆ መወሰን ይገባል።

አምስተኛ፤ ሐኪሙ ክብደት አታሳርፍ ያለው እግር አይረገጥ። በውስጡ ያለው ድር ገና በሸማኔው እጅ ነው፤ ከሥራው ላይ የተጐተተ ጋቢ ይበጠሳል እንጂ አይለበስም።

የሊቃውንቱ ሥራ ገና አልተፈጸመም፤ ከዓመት ወደ ዓመት የተሻለ ድር ማደራታቸው አይቀርም። ነገር ግን ያ ድር የሚጠቅመው ደም እየደረሰው ሕያው ሆኖ ለተጠበቀ እጅና እግር ነው። ያን መጠበቅ ደግሞ ሩቅ አገር ካለው ቤተ ሙከራ ይልቅ የሚጀምረው በየቤታችን፥ የልጁን ጣቶች እየዳሰሰ በሚያድር ወላጅ እጅ ነው። ሳምንት ሳይሆን ዛሬ በየመንደራችሁ ያለውን ወጌሻ ቡና ጠርታችሁ ይህን አንብቡለት።